ደም ያላሳየ ምት፦ የቀላል አንጎል ጉዳት ምርመራ ታሪክ ከጎንደር ደጋ አኳያ

አማርኛ ራሱን ስለ ተመታ ሰው ሲናገር ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። ሽመል አርፎበት ቆዳው የተተረተረውን፣ ደሙም በግንባሩ የወረደውን ሰው «ተፈነከተ» ይለዋል። ተመትቶ ሳይደማ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ የተነሣውን፣ ወይም እንደ ቆመ ዓይኑ የጨለመበትን ግን «ናላው ዞረ» ብሎ ያልፈዋል። የተፈነከተ ሰው ከሳሽ ይሆናል፤ ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ ካሳ ይቆረጥለታል። ናላው የዞረበት ሰው ግን ውሃ ተረጭቶበት፣ ጥቂት ጥላ ሥር አርፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሕክምና ጥበብም ቢሆን ለብዙ ዘመን ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አልነበረውም። ያልተሰበረና ያልደማ ራስ ደኅና ራስ ነው ይባል ነበር።

ዛሬ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ጉዳት በሐኪሞች ዘንድ «ቀላል የአንጎል ጉዳት» የሚል ስም አለው። በዓለም የጤና ድርጅት ተባባሪ ማእከል ሥር የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ፍቺ መሠረት፣ ራስን መሳቱ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ከምቱ በኋላ የነበረው የመርሳት ጊዜ ከ24 ሰዓት ያነሰ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ወይም ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በግላስጎው መለኪያ ከ13 እስከ 15 ነጥብ ያገኘ ሕመምተኛ በዚህ ክፍል ይመደባል። በዓለም ላይ ከሚደርሱት የአንጎል ጉዳቶች የሚበዙት የዚህ ክፍል ናቸው። አብዛኞቹ ተጎጂዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። ጥቂት የማይባሉት ግን ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ብስጭት፣ የሐሳብ መበታተንና የመርሳት ችግር ይከተላቸዋል። እንግዲህ «ቀላል» የሚለው ስያሜ የተሰጠው ለመጀመሪያው ሰዓት እንጂ ከዚያ በኋላ ላለው ኑሮ አይደለም።

ነገሩ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በበዓታ ለማርያም አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር ሀብቱ ሁሉ በቃሉ የያዘው ነው። ዜማውን፣ ዝማሜውን፣ የጸናጽሉንና የከበሮውን ሥርዐት ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በልቡ ያኖራል። ይህ ተማሪ በገና ጨዋታ ሩር ፍለጋ የተሰነዘረ ገና ራሱን ቢመታውና ከዚያ ወዲያ ትናንት የቀጸለው ዛሬ ቢጠፋበት፣ ቁስል ስለሌለው የሚያዝንለት አይኖርም፤ «ሰነፈ» ይባላል። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ይጫወታሉ፤ ለምቱም ቂም አይያዝም። ስለዚህ በጨዋታው የደረሰ ጉዳት ለሐኪም ቀርቶ ለቤተ ሰብም አይነገርም። የጉግስ ፈረሰኛ ሲወድቅም፣ እረኛ ከዛፍ ወይም ከገደል ሲንሸራተትም እንዲሁ ነው። በጣሊያኖች ዘመን ከደባርቅ ቁልቁል በሊማሊሞ ገደል የተቀደደው ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ የመኪናን አደጋ አክሎበታል። ከሁሉም ይልቅ ግን በደጋው የዘወትር የራስ ጠላት ዱላ ነው። በድንበር፣ በግጦሽ ወይም በመጠጥ ምክንያት በሚነሣ ጠብ የመጀመሪያው ምት የሚሰነዘረው ወደ ራስ ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት በአካባቢው የተሰማራው የመጀመሪያው ዘመናዊ ባለሙያ ጤና መኮንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቋመ። መንግሥት፣ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ድርጅት የተባበሩበት ይህ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ለየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያወጣ ነበር። ትምህርቱ በዋናው ያተኮረው በወባ፣ በተስቦ፣ በወሊድና በንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ለዘመኑ ትክክለኛ አመዛዘን እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ጤና መኮንኑ ጣቢያው ደርሶ በሩን ሲከፍት ከወባው ሕመምተኛ ጎን የተፈነከተው ሰው ተቀምጦ ያገኘዋል። ራጅ አልነበረውም። የነበሩት መሣሪያዎች ዓይኑና የእጅ ባትሪው ነበሩ፤ የዓይን ብሌኖች እኩል መሆናቸውን፣ ትውከት መኖሩን፣ ሕመምተኛው እያደር መንቃቱን ወይም መፍዘዙን ይከታተላል። ቁስሉን አጥቦ ይሰፋል። ቁስል የሌለውን ግን የሚሰፋለት ነገር ስለሌለ አረፍ በል ብሎ ያሰናብተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ግራሃም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሁለት የግላስጎው ሐኪሞች ይህንኑ የዓይን ምልከታ በቁጥር የሚያስቀምጥ መለኪያ አወጡ። ዓይን መክፈት፣ መናገርና መንቀሳቀስ እየተመዘኑ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ይሆናል። ምንም ዓይነት መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ለድኻ አገር የተሠራ እስኪመስል ድረስ በጤና ጣቢያም በሆስፒታልም ተለመደ። ነገር ግን የመናገር ነጥቡ የሚሰጠው ሕመምተኛው ቦታውንና ዘመኑን ማወቁን በመጠየቅ ነው፤ እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ የማያውቅ መርማሪ ሊሳሳት ይችላል። የወገራ ወይም የጃናሞራ ገበሬ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሚካኤል» ብሎ ቢመልስ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እጅግ ትክክለኛ መልስ መስጠቱ ነው። ቀኑን በቅዱሳን ስም፣ ዓመቱን በራሱ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ የሚቆጥርን ሰው ግራ የተጋባ አድርጎ መመዝገብ የሕመምተኛው ሳይሆን የመዝጋቢው መናወጥ ይሆናል።

የሕክምናው አከፋፈል በሐኪም ቤት ተወስኖ አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የአካል ጉዳትን ከባድና ቀላል ብለው ይለያሉ። በኋለኛው ሕግ አንቀጽ 555 ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ሲችል፣ በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚወድቀው ቀላል ጉዳት ግን በግል አቤቱታ የሚታይና ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ የሚያልፍ ነው። የሕጉ አርቃቂዎች አስተዋይ ነበሩ፤ የሰውን የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤንነት ለዘለቄታው የሚጎዳ ተግባር በከባዱ ክፍል እንዲገባ አድርገዋል። ችግሩ ከማስረጃው ላይ ነው። ዳኛው የሐኪሙን ወረቀት ያያል፤ በወረቀቱ ላይ «ቀላል የአንጎል ጉዳት» የሚል ቃል ሲያገኝ በሕጉ ውስጥ ካለው «ቀላል» ጋር አንድ አድርጎ ቢያነበው የሚፈረድበት አይደለም። ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ናቸው፤ በፍቺ ግን አይገናኙም። ይህ የቃል አጋጣሚ ስንቱን ተጎጂ ፍትሕ እንዳሳጣ የሚመረምር ሰው ቢነሣ በጎ ሥራ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ሐኪምም ዳኛም የሚፈልጉት የማይታየውን ጉዳት የሚያሳይ ምስክር ነው። የዚህ ፍለጋ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ራሱ ከተመታ ገበሬ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በቶሪኖ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው የአካል ተግባር ሊቅ አንጀሎ ሞሶ፣ በራስ ቅሉ ስብራት ምክንያት የአንጎሉ ትርታ ከቆዳው ሥር ይታይ የነበረ ቤርቲኖ የሚባል ገበሬ አገኘ። በቀዳዳው ላይ የትርታ መመዝገቢያ ገጥሞ ሲመለከት፣ የእኩለ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል በተደወለ ጊዜ የእጁ የደም ሥር ሳይለወጥ የአንጎሉ ትርታ ብቻ ከፍ አለ። ሞሶ ደወሉ የጸሎት ሰዓት መድረሱን አስታውሶት እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ጥያቄው ራሱ ትርታውን እንደገና ከፍ አደረገው። የሒሳብ ማባዛት እንዲሠራ ሲታዘዝም እንዲሁ ሆነ። በአርባ አራቱ ታቦት ደወል መካከል የሚያድግ ጎንደሬ ይህን ታሪክ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ሐሳብ ሲነሣ ደም ወደ አንጎል እንደሚሄድ የተገለጸው በላቦራቶሪ ከተሠለፈ መሣሪያ አስቀድሞ በአንድ ቁስለኛ ገበሬ ራስ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የእንግሊዝ ሊቃውንት ሮይና ሼሪንግተን አንጎል እንደ ሥራው መጠን የደም ፍሰቱን ራሱ እንደሚያስተካክል ጻፉ።

ሁለተኛው እርምጃ የጀርመን ነው። በዬና ከተማ የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሃንስ ቤርገር የራስ ቅላቸው ቀዳዳ ያላቸውን ሕመምተኞች ለዓመታት ሲመረምር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ቀዶ ሕክምና በተደረገለት አንድ ወጣት ራስ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ በ1929ም አሳተመው። በዬና አጠገብ ባለችው በላይፕሲግ ደግሞ ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ አቋቁሞ፣ አንድ ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ የሚወስደውን ቅጽበት ይለካ ነበር። ዛሬም ቀላል የአንጎል ጉዳት ሲመረመር ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይኸው የምላሽ ፍጥነት ነው። የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሲከፈት የደገፈው በዚያን ጊዜ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ የሐኪሞች ማሠልጠኛ የሆነው ይህ ኮሌጅ በምሥራቅ ጀርመን መምህራን እየታገዘ ትውልድ አፈራ፤ ምሥራቅ ጀርመን ከታሪክ ገጽ ስትጠፋ ያ ርዳታ ቢቋረጥም ትምህርት ቤቱ ጸንቶ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ።

ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን አያሳይም። አንጎልን በሕይወት ባለ ሰው ላይ በግልጽ ማየት የተቻለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን በለንደን የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ባነሣ ጊዜ ነው። ከእሱ ጋር በ1979 የኖቤልን ሽልማት የተካፈለው አለን ኮርማክ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ሐሳቡን የጠነሰሰው በኬፕታውን ሆስፒታል ሲሠራ ነው። የዚህ መሣሪያ ውለታ እጅግ ታላቅ ነው። በራስ ቅል ውስጥ የተቋጠረን ደም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳይ ቀዶ ሐኪም የት እንደሚቦረቡር ያውቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናም ያለ እሱ አይታሰብም።

በቀላል ጉዳት ግን ሲቲ ስካን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ሕመምተኛው ታምሜያለሁ ይላል፤ ምስሉ ደኅና ነህ ይለዋል። ይህ ተቃርኖ ሕመምተኛውን ለሐሜት አጋልጦታል፤ ካሳ ፈላጊ፣ ሥራ ጠል፣ በደጋውም ቋንቋ መንፈስ የተጠጋው ተብሏል። ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ የሚያመለክት ማስረጃ ግን ከሲቲ ስካን በፊት ነበረ። እንግሊዛዊው የሬሳ መርማሪ ሐኪም ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1968 ቀላል የአንጎል መናወጥ ደርሶባቸው በሌላ ምክንያት የሞቱ ጥቂት ሰዎችን አንጎል በማይክሮስኮፕ መርምሮ በነርቭ ክሮች ላይ የደረሱ ጥቃቅን ጉዳቶች አግኝቷል። ራስ በኀይል ሲወዛወዝ እንደ ገል የሚሰበር ነገር የለም፤ ቀጫጭኑ የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ የጨዉ ሚዛን ይዛባል፣ ሕዋሱም ሚዛኑን ለመመለስ ከወትሮው የበለጠ ስኳር ያቃጥላል። ይህ የአሠራር እንጂ የቅርጽ ጉዳት በመሆኑ ቅርጽን የሚያነሣ መሣሪያ ቢያልፈው አያስደንቅም።

አሠራርን የሚያነሣው መሣሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሴይጂ ኦጋዋ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ በአሜሪካ ሲሠራ፣ ኦክስጅን የያዘና ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም በማግኔት መስክ ውስጥ የተለያየ ጠባይ እንደሚያሳይ ተጠቅሞ፣ ምንም መድኀኒት ሳይወጋ የአንጎልን ሥራ በኤም አር አይ ማሳየት እንደሚቻል አረጋገጠ። በ1992 ዘዴው በሰው ላይ ተሞከረ። በመሠረቱ የሞሶ ነገር ነው፤ የቤርቲኖ የራስ ቅል ቀዳዳ በማግኔት ተተካ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማክአሊስተርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ቀላል ጉዳት ከደረሰባቸው አንድ ወር የሆናቸው 12 ሰዎች ከ11 ጤነኞች ጋር ተወዳድረው የማስታወስ ፈተና ተሰጣቸው። ውጤታቸው ከጤነኞቹ አላነሰም። አንጎላቸው ግን የሥራው ጫና ሲከብድ ከጤነኞቹ ይልቅ ሰፋ ያለ ሥፍራ ሲያንቀሳቅስ ታየ። ከዚህ ውስጥ አንድ ትርጓሜ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ሥራውን የሚፈጽመው እንደ ጤነኛው ሆኖ ሳይሆን እጥፍ ለፍቶ ነው። ሁልጊዜ ድካም ይሰማኛል የሚለው ሰው ምናልባት እውነቱን ነበር።

ዜናው ብዙዎችን አስደሰተ፤ ጠበቆችንም ጭምር። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ባለ ቀለም የአንጎል ምስል የያዙ ተከራካሪዎች መቅረብ ጀመሩ። ይሁንና በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ቃል አልተናገሩም፤ አንዳንዶቹ የአንጎሉ ሥራ ሲጨምር፣ ሌሎቹ ሲቀንስ አገኙ። ልዩነቱ የታየው በቡድኖች አማካይ እንጂ በአንድ ሰው ላይ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ሕመምም የምስሉን መልክ ይለውጣሉ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መሣሪያው በቀጥታ የሚያየው የነርቭን ሥራ ሳይሆን ለሥራው የሚፈሰውን ደም መሆኑ ነው፤ ምቱ ራሱ የደም ሥሮችን አመላለስ ካዛባ፣ የተጎዳው ነርቩ ይሁን ደም ሥሩ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሊቃውንት ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ግምገማ፣ ዘዴው ለምርምር እንጂ ለአንድ ሕመምተኛ የዘወትር ምርመራ የሚበቃ ማስረጃ እንደሌለው ገልጸዋል። ስለዚህ መሣሪያው ነገ ጎንደር ቢተከል እንኳ ለዳኛው የሚጽፈው ወረቀት አይኖረውም።

የሰሜን ደጋ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን ከቆላ ሰው እንደማይለይ አሳተሙ። የአንዲስና የቲቤት ሰዎች ግን ከፍታውን የሚቋቋሙት በሌላ መንገድ ነው። በ2008 ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ በሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ላይ በድምፅ ሞገድ የተደረገ ምርመራ የአንጎላቸው ደም ሥሮች ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጡት ምላሽ ከፔሩ ደገኞች የተለየ መሆኑን አመለከተ። የማግኔቱ ምስል የተመሠረተው በደሙ ኦክስጅንና በደም ሥሩ ምላሽ ላይ ነው፤ ሁለቱም በዚህ ሕዝብ የራሳቸው ጠባይ ካላቸው፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ተማሪዎች ላይ የወጣ መመዘኛ ለጃናሞራ እረኛ እንደማይሆን ግልጽ ነው። የፈተናው ዓይነትም እንዲሁ ነው። የማስታወስ ችሎታ የሚለካው በመስታወት ላይ እየበሩ በሚጠፉ የላቲን ፊደላት ከሆነ፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ከምቱ በፊትም ወድቋል፤ ዳዊት የደገመው ተማሪ ደግሞ ከምቱ በኋላም ያልፍ ይሆናል። ሕመምተኛው ምንም ሳይሠራ ጋደም ብሎ የሚነሣው ዓይነት ምስል ይህን የኋለኛውን እንቅፋት ያስወግዳል፤ የፊተኛውን ግን አያስወግድም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ለዱላው የከባድ መሣሪያ ፍንዳታ ተጨመረበት። የፍንዳታ ሞገድ ቆዳ ሳይነካ አንጎልን እንደሚያናውጥ ከኢራቅ የተመለሱ ወታደሮች ምርመራ አስተምሯል። በደጋው ፍንዳታ አጠገብ የነበሩት ግን ወታደሮች ብቻ አይደሉም፤ በዕለቱ ስለ ራስ ምታት የሚጠይቃቸውም ሆነ ስማቸውን የሚመዘግብ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የመድኀኒት ተቆጣጣሪ ከተጎዳ የአንጎል ሕዋስ ወደ ደም የሚገቡ ሁለት ፕሮቲኖችን የሚለካ ምርመራ ፈቀደ። ዓላማው ሲቲ ስካን የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ ማወቅ ነው፤ ማን ከወር በኋላ እንደሚሠቃይ አይናገርም። ይህን ለማወቅ እስካሁን የተገኘው ዘዴ ሕመምተኛውን ደግሞ መጥራትና መጠየቅ ነው፤ ራስ ምታቱ ቀረ ወይ፣ እንቅልፉስ፣ በሬውን ጠምዶ እስከ ቀትር ይቆያል ወይ፣ ያበደረውንና የተበደረውን ያስታውሳል ወይ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ያለው ጠባይ ተለወጠ ወይ። ለዚህ ምርመራ ወንበርና ጊዜ ይበቃል። የሕክምና ማስረጃው ግን በብዛት የሚጻፈው ተጎጂው በፖሊስ ታጅቦ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን ሲሆን፣ ከሊማሊሞ ማዶ የመጣ ገበሬ በአራተኛው ሳምንት ያንኑ መንገድ እንደገና ተጉዞ ሐኪም ፊት ለመቅረብ የመኪናውን ዋጋም የእርሻውን ቀንም ራሱ መክፈል አለበት።